ውዳሴ ሰርተፊኬት

በሰው ሥጋ ላይ መድኃኒት ለሚፈትኑ ማኅበረ ጠቢባን የተሰጠች፣ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ካልታደሰች ኃይሏ የሚርቅ፣ የተቀበላትን ሰው ኃጢአት ባታሰርይለት እንኳ ከፋይሉ የምትሰውርለት አንዲት ወረቀት አለች፤ ስሟም የመልካም ክሊኒካዊ አሠራር ሰርተፊኬት ይባላል። እኔም ኃጥእ ባሪያዋ አራት ጊዜ ስለ ተቀበልኋት፣ ስለ ክብሯ ጥቂት ልናገር ይገባኛል።

ምሥጢሯን ለመካፈል ጾምም ስግደትም አያሻም። ተረኛዋ ነርስ በቀኝ እጇ ምሳዋን እየጎረሰች በግራዋ «ቀጥል» የሚለውን ስትጫን ትምህርቱ ይፈጸማል፤ ፈተናው ይከተላል፤ «ተሳታፊው ከጥናቱ ልውጣ ቢልህ ትቆጣዋለህ፣ በር ትዘጋበታለህ፣ ወይስ መብቱን ታከብርለታለህ?» ለሚል ጥያቄ በር መዝጋትን የሚመርጥ ጨካኝ ቢገኝ እንኳ፣ ደጋግሞ መፈተን ስለ ተፈቀደለት፣ ከመቶ 80 እስኪሞላ ድረስ ርኅራኄውን ያሻሽላል። ስሙን የማልጠራው አንድ ሊቅ ጊዜ ቢያጥረው ጸሐፊው በስሙ ተፈትና 95 አምጥታለታለች፤ እርሱ ሳይማር ጸደቀ፤ እርስዋ ግን ተምራ ስታበቃ የምትራራለት በሽተኛ አጣች።

ሕግ ተጽፎ በመቀመጡ ብቻ ሰውን የሚያድን ቢሆን ኖሮ ጀርመንን የሚቀድማት አገር ባልተገኘም ነበር፤ የአገር ግዛት ሚኒስቴሯ አዲስ ሕክምና በሰው ላይ ሲሞከር በሽተኛው ተረድቶ መፍቀድ እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ1931 መመሪያ አውጥቶ ነበርና። ከ15 ዓመት በኋላ በሰው ላይ ባደረጉት ሙከራ ተከሰው ኑረምበርግ ላይ ለፍርድ የቀረቡት 23 ሰዎች፣ ከእነርሱም 20ዎቹ ሐኪሞች፣ የዚህችው መመሪያ አገር ልጆች ናቸው፤ የጎደለቻቸው ሰርተፊኬቷ ብቻ ነበረች ማለት ነው! በአሜሪካም፣ አላባማ ውስጥ ቱስኬጊ ላይ፣ ቂጥኝ የያዛቸው 399 ጥቁር ድኾች የፔኒሲሊን ፈዋሽነት ከታወቀ በኋላ እንኳ ሕክምና ተነፍገው፣ ከ1932 እስከ 1972 በሽታቸው እንደ አዝመራ እየተጠበቀ ሲኖሩ፣ በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር የተደነገጉት የኑረምበርግ 10 አናቅጽ በ1947፣ የሄልሲንኪ መግለጫም በ1964 ወጥተው፣ በየቤተ መጻሕፍቱ በክብር ተቀምጠው ነበር። ጥናቱን ያስቆመው ግን ፒተር በክስተን የተባለ፣ ሐኪም እንኳ ያልሆነ የመንግሥት ጤና ሠራተኛ ነው፤ በ1966 ተቃውሞውን ቢጽፍ አለቆቹ አትላንታ ድረስ ጠርተው ስለ ገሠጹት፣ የኋላ ኋላ የጥናቱን ወረቀቶች ለጋዜጠኛ አሳልፎ ሰጠ። ሥልጠናችን ይህን ታሪክ በሁለት ገጽ ይተርክልናል፤ «አለቃህ ሲገሥጽህ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ጥያቄ ግን በአራቱም ፈተናዎቼ አላጋጠመኝም። (ቢጠየቅ ኖሮ ከመቶ 80 የሚያመጣ ሰው መጥፋቱ ነው።)

ወደ አገራችን እንመለስ። በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ በረንዳ፣ በእንግሊዝኛ ተፀንሶ በአማርኛ የተወለደ ባለ 11 ገጽ የስምምነት ቅጽ፣ ማንበብ ለማይችሉ አንዲት አሮጊት ሲነበብላቸው አየሁ፤ ነርሷ ሌሎች ስድስት ሰዎች ስለሚጠብቋት ቅዳሴ እንደ ረዘመበት ዲያቆን ትገሰግሳለች፤ ከጥናቱ ወገን ያልሆነ ምስክር ይገኝ ዘንድ ሥርዓቱ ስለሚያዝ፣ ከወረፋ የተነሣ አንድ ጎረምሳ በአጠገባቸው ያዛጋል።

«እማማ፣ እንግዲህ አሻራዎን እዚህ ላይ ያኑሩልኝ።»

«አኖራለሁ ልጄ፤ ግን እንቢ ብል ያ የፊተኛው ክኒኔ ይቀርብኛል?»

ነርሷ ልትመልስ አፏን ስትከፍት የጥናቱ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ ደረሰ፤ ፋይሉን አገላበጠ፤ የነርሷ ሰርተፊኬት ጊዜዋ ካለፈ 12 ቀን መሆኑን ባየ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ፤ ታቦት የተደፈረ ይመስል ጤና ጣቢያው ታወከ፤ የጥፋት ማስታወሻ ተጻፈ፤ ስልክ ተደወለ። ነርሷም ስለ ተሳታፊዎች መብት ዳግመኛ ትማር ዘንድ በዚያው ሰዓት ኮምፒዩተር ወዳለበት ክፍል ተላከች፤ እማማ አውራ ጣታቸው በቀለም እንደ ጠቆረ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀሩ።