የቡና ገበሬን ከመመዘኛ ለማጣላት

የአካባቢ፣ የማኅበራዊና የአስተዳደር መመዘኛ በቡና ገበሬ ቀበሌ ሥር እንዳይሰድ ካሻችሁ፣ የማስረጃውን ሸክም ሁሉ ከታች፣ ጥቅሙን ሁሉ ከላይ አኑሩ። ሥራውን ከቅጹ ጀምሩ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ፣ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የለማ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ ከ4 ሄክታር ለሚበልጥ ማሳ የድንበሩን ዙሪያ፣ ከዚያ ለማይበልጠው ግን አንድ የመገኛ ነጥብ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ገበሬ የቡና ማሳ በአብዛኛው ከ4 ሄክታር እጅግ ያነሰ ስለሆነ አንድ ነጥብ ይበቃዋል። ይህን አትንገሩት። ብዙ ገጽ ያለው መጠይቅ ይዛችሁ ሂዱ፣ አስፈርሙትና ለምን እንደፈረመ ሳያውቅ ተመለሱ፤ ያልገባውን ግዴታ የሚጠብቅ ሰው የለምና ሥራችሁ ግማሽ ተጠናቀቀ።

ቀጥሎ ቢሮ ተቀምጣችሁ በሳተላይት ምስል ፍረዱ። በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ያለ ቡና ከሰማይ ሲታይ ደን ይመስላል፤ ያረጀ ቡና ሲጎነደል ወይም ጥላው ሲሳሳ ደግሞ ምስሉ ምንጣሮ መስሎ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ጥላውን ጠብቆ ያቆየው ገበሬ ራሱ ተከሳሽ ይሆናል። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ማሳውን በእግሩ ያውቀዋል፤ የይዞታ ደብተሩም ወሰንተኞቹን ይናገራል። ሁለቱንም አትጠይቁ።

ዋጋው ላይ ግን ጠንክሩ፤ ሁሉም የሚፈርሰው እዚያ ነው። በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ፣ ዩኒየኖች በቀጥታ ከሚልኩት በቀር፣ ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተደባልቆ የአምራቹ ማንነት ይጠፋ ነበር። ደን የጠበቀውና ደን የመነጠረው በአንድ ዋጋ ይሸጡ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተደረገው የግብይት ማሻሻያ ምንጩን ለመከታተል በር ከፍቷል፤ እናንተ ግን ደን ለጠበቀው የሚገባውን የዋጋ ጭማሪ እሸት መረከቢያው በር ላይ አትክፈሉ። «ገንዘብ ከበዛለት ደን መንጥሮ ቡና ያስፋፋል» የሚል መከራከሪያ ይኖራችኋል። ሥጋቱ እውነት አለው፤ ነገር ግን ጭማሪው ከተለካው ማሳ ጋር ከታሰረ አዲስ ምንጣሮ ጭማሪውን ያሳጣዋል። ያለ ጭማሪ የሚጠየቅ ጥበቃ ግን ድሃውን ለሀብታም ገዢ ዘበኛ ማድረግ ነው። «መመዘኛው የባዕድ ጫና ነው፣ ይቅርብን» የሚሉም አሉ። ቀነ ገደቡን ያወጣው ባዕድ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም የአረቢካ የዱር ዘር ያለው በካፋና በያዩ ዓይነት ደኖች ውስጥ ነው፤ ደኑ ሲጠፋ የሚከስረው ከብራስልስ በፊት የቦንጋ ገበሬ ነው።

የልጆችን ጉልበት ጉዳይ በአንድ የክልከላ መስመር ዝጉት። ለቀማው ከጥቅምት ጀምሮ ከትምህርት ጋር እንደሚጋጭ፣ ለቃሚ ለመቅጠር አባወራው ብድር እንደሚያስፈልገው አታንሡ፤ ልጁ ኦዲተር በመጣ ቀን ብቻ ትምህርት ቤት ይገኛል።

በመጨረሻም የመመዘኛውን የምስክር ወረቀት በላኪው ስም አውጡ፤ የማሳውን ነጥብም በእርሱ ኮምፒውተር ውስጥ ቆልፉት። ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ገዢ ቢያገኝ መለካቱን ከዜሮ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ገዢም ያንን ወጪ ከእሸቱ ዋጋ ላይ ይቀንስበታል።