ወደ መንዝ ለሚወጣ ከተሜ የተሰጠ ምክር

ከአዲስ አበባ ወደ መንዝ የሚወጣ ሰው ብዙ የሚሰጋው ለቁልቁለቱና ለጭቃው ነው። ስጋቱ ቦታውን ስቷል። እውነተኛው አደጋ ከቴሌቪዥንና ከካላንደር ሥዕል ለዓመታት ተለቅሞ የተጠራቀመው «ገጠር» እዚያ ሲደርስ መሰበሩ ነው። እንዲህ የተንከባከቡትን ነገር በአንድ ቅዳሜና እሑድ ማጣት ደግሞ ያሳዝናል። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ሥዕልዎን እንደያዙ ሄደው እንደያዙ የሚመለሱበትን ዘዴ ልንገርዎት። (በቅድሚያ ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን ይጠይቁ። ይሄኛውን የምሬን ነው።)

ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁርስዎን እዚያ ይብሉ። ጣርማ በር፣ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ዘንድ ሲደርሱ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ ወደ መሐል ሜዳ ይወስድዎታል። ገደሉ በአንድ ወገን ሲከፈት «ሰው እንዴት እዚህ ይኖራል?» ማለት ያስፈልጋል፤ ሾፌሩ እንዲሰማ አድርገው ይበሉት። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ የሚጀምረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከዚሁ ከመንዝ ከተነሡት ከአቤቶ ነጋሲ ክርስቶስ መሆኑን ግን እንዳያስታውሱ። አዲስ አበባን የቆረቆሩት ምኒልክ የእኒሁ ሰው ዘር ናቸው። «ዳር አገር» ብለው የሚያዝኑለት ቦታ የራስዎ ከተማ አያት ሆኖ ከተገኘ ጉዞው ገና በጠዋቱ ተበላሸ ማለት ነው።

ፎቶ ማንሳት ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የካሜራ ጠላት ብዙ ነውና። ዋነኛው ቢጫ ጀሪካን ነው። ከጀሪካኑ ቀጥሎ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ቆርቆሮው ላይ የተሰካች ሶላር፣ ከእረኛው ኪስ የምትዘፍን ስልክ ይመጣሉ። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ እናት ሲያገኙ «እማማ፣ እንስራ የለዎትም?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። እንስራ ባዶውን እንኳ ስንት እንደሚከብድ፣ ቁልቁለት ላይ አንዴ ሲያዳልጥ ምን እንደሚተርፍ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ እርስዎን ግን የሚመለከትዎት ፎቶው ነው። የሣር ቤት ካገኙማ ከፊቱ አይጥፉ። ባለቤቱ ቆርቆሮ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀመ እንደሆነ ብቻ አይጠይቁት።

በግ ገበያው ላይ ነው እንግዲህ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። እርስዎ የሚያውቁት ገበሬ የዋህ ነው፤ ዋጋ አያውቅም፤ ሁለት ቀልድ ቢነግሩት ሙክቱን በጠቦት ዋጋ ይሰጥዎታል። እንግዲያው ጋቢ የደረቡ፣ ዱላቸውን የተደገፉ አንድ አዛውንት መርጠው ይጠጉ።

«አባባ፣ በጉ ስንት ነው?»

«አንተስ ስንት ትላለህ ልጄ?»

አዋቂ ለመምሰል የበጉን ጀርባ ዳበስ ዳበስ ያደርጋሉ። አዛውንቱ የሚያዩት ግን በጉን ሳይሆን እጅዎን ነው፤ ሽንጡን መጨበጥ ትቶ ጠጉሩን የሚያሻሽ ሰው ከየት እንደመጣ ወዲያው ገብቷቸዋል። ላቱን እንኳ በእጅዎ ሳይመዝኑ ዋጋ ይጠራሉ። ይሄኔ እሳቸው ከጋቢያቸው ሥር ስልክ ያወጣሉ። አዲስ አበባ ሾላ ገበያ በግ የሚያወርድ የወንድም ልጅ አላቸው። የዛሬ ጠዋቱ ዋጋ ይጠየቃል፤ መልሱን እርስዎም አብረው ይሰማሉ፣ ስልኩ ድምፁ ትልቅ ነው። በዓሉ ስንት ቀን እንደቀረው፣ የመኪናው ጭነት ስንት እንደገባ፣ ደላላው ስንት እንደሚወስድ እዚያው ይሰላል። አጠገባቸው የበግ ጠጉር የምትፈትል ሴት እንዝርቷን እያሾረች ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች፤ እየሳቀች ነው።

«ይሄንንስ እዚያው ሾላ ብትገዛው ይሻልሃል ልጄ» ይሉዎታል፣ ክፋት በሌለው ድምፅ።

ሥዕልዎን ከዚህ አደጋ ለማትረፍ አንድ መንገድ ብቻ አለ። አዲስ አበባ ተመልሰው ሲያወሩ «ገበሬውም እኮ ተበላሽቷል፣ ደላላ ነው ያጠፋው» ይበሉ። በዋጋ የተረታ ከተሜ ሁሉ የሚለው ይህንን ነው፤ የሚቃወምዎት አይኖርም።

የተማሩ ሰው ከሆኑ ሌላ ወጥመድ አለ። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ስለ አማራው ገበሬ የጻፈው መንዝ ተቀምጦ ያየውን መሠረት አድርጎ ነው። ይህን ያነበበ ሰው፣ መንዜው «ዛሬ መኪና የለም» ሲለው ወርቁን ሲፈልግ ይመሽበታል። መኪና የለም ማለት ነው፤ ማደሪያ ይፈልጉ።

ጓሳ ሲደርሱ «ያልተነካ ተፈጥሮ!» ማለት ግዴታ ነው። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋው ይህ ሣራማ ተራራ ሰው ስላልደረሰበት የተረፈ ከመሰለዎት ደስታዎን አልነካም፤ የአገሩን ሰው ግን አያናግሩ። ካናገሩ ታሪኩ ይወጣል። አባቶቻቸው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት (ከፖለቲካው ጋር አያምታቱት) ሣሩን ይዘጉት ነበር፤ አንዳንዴ ለሦስት፣ አንዳንዴ ለአምስት ዓመት። በተዘጋ ጊዜ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይነሣም። ሲከፈት ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራበታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የርስትን ነገር ሲሽር ይህም ሥርዓት አብሮ ተናጋ፣ ሣሩም ተጎዳ። ሰዉ ቁጭ ብሎ መከረና በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መለሰ። ስለዚህ የጓሳው ቀይ ቀበሮ፣ በዓለም ላይ ጥቂት መቶ ብቻ ከቀሩት አንዱ፣ ሣር በሚነጩ ጭላዳዎች መሐል ፍልፈልና አይጥ ሲያድን የሚውለው በስብሰባ፣ በቃለ ጉባኤና በጥበቃ ተራ ነው። ለዘመናት ሲነካካ የኖረ ተፈጥሮ ነው። ይህን ግን ከፎቶው ሥር መጻፍ አይመችም።

ማታ ጠላ ሲቀዳልዎ «እናንተ ታድላችኋል፣ ጭንቀት የለባችሁ፣ የምትበሉት ሁሉ ንጹሕ» ይበሉና ወዲያው ወሬ ይቀይሩ። ከዘገዩ በልግ ይነሣል፦ ዝናቡ በወቅቱ ካልጣለ የተዘራው ገብስ እንደማይሆን። ውርጭ ይነሣል፦ ሊያፈራ የደረሰ ባቄላ በአንድ ሌሊት እንደሚጠቁር። ከዚያ የማዳበሪያ ዋጋ፣ የማዳበሪያው ብድር፣ ለአምስት ልጅ የማትከፈል አንዲት ቁራጭ መሬት፣ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የገባው ልጅ፣ ዓረብ አገር ሆና ሁለት ወር ያልደወለችው ልጅ። ይህን ሁሉ ሰምቶ «ጭንቀት የለባቸውም» እያሉ መመለስ ይከብዳል። ባይሆን እንቅልፍ መጣብኝ ይበሉ።

ብርዱን በተመለከተ ግን የሰሙት ሁሉ እውነት ነው። በበጋው ወራት ጓሳ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ከከተማ ያመጡት ቀጭን ጃኬት አይችለውም። ያቺ ስትፈትል ያዩዋት ሴት የምታውቀው ሸማኔ አይጠፋም፤ ሄደው ባና ይግዙ። ሲገዙ ግን አይከራከሩ፣ የተጠየቁትን ይክፈሉ።