ሙዚየሙ ለምን ነገ ይሆናል? በካርቱም የዓርብና ቅዳሜ እንግዳ ላይ የተካሄደ ጥናት

ይህ ጥናት የሚመረምረው አንድ ኢትዮጵያዊ ካርቱም ያለ ወዳጁን ሊጠይቅ፣ በዚያውም ሥነ ጥበብ ሊያይ ሲሄድ የሚደርስበትን ነው። ዘመኑ ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 በፊት፣ ጦርነቱ ሳይጀመር ነው። የሱዳን የዕረፍት ቀናት ዓርብና ቅዳሜ ስለሆኑ ናሙናችን ሐሙስ ማታ ገብቶ ቅዳሜ ማታ የሚመለስ እንግዳ ነው። መመለሱን ለጊዜው እንደ መላምት እንያዘው።

የዚህ ዓይነቱ ጉዞ ፈር ቀዳጅ ንጉሥ ዒዛና ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዛሬዋ ካርቱም በስተሰሜን፣ የአትባራ ወንዝ ከዓባይ ወደሚገናኝበት አገር ዘምቶ፣ ራሱ ባስቀረጸው ጽሑፍ እንደሚለው፣ የአገሬውን የእህል ጎተራም የቤተ መቅደሱን ምስሎችም ወንዝ አስገብቷል። ምግብንና ሥነ ጥበብን በአንድ ጉዞ ያዳረሰ እስካሁን እሱ ብቻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ምሳ የጋበዘው የለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግን ከስደት ሲመለሱ በሰኔ 1932 መጨረሻ ካርቱም ገብተው፣ ድንበሩን ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉት ጥር 12 ቀን 1933 ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች መዘግየቱን በክረምቱና በእንግሊዞች ማመንታት ያመካኛሉ። እኛ ምሳውን እንጠረጥራለን።

የእንግዳው ዋና ዓላማ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ነው፤ ጥቁርና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት ከሙግራን አጠገብ። ግቢው ውስጥ የአስዋን ግድብ እንዳይውጣቸው ተነቅለው የመጡ ቤተ መቅደሶች ቆመዋል። ከፋራስ ካቴድራል የመጡት የግድግዳ ሥዕሎችም እዚያው ናቸው፤ ዓይናቸው የጎላ ቅዱሳን፣ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን የሳመ ሰው በሩቁ ዘመድ የሚላቸው።

ታዲያ መቼ ይታያል? ጠዋት ሻይ በወተትና ዘላቢያ አለ። ይህ ቁርስ አይደለም። ቁርስ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ፉሉ ሲኒያ በሚሉት ትልቅ ትሪ ላይ ከነአጀቡ ይቀርባል። ምሳ ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይታሰብም፤ ኪስራና ሙላህ የሚሉት ወጥ። ኪስራዋ ከቦካ የማሽላ ሊጥ የምትጋገር ስስ ናት፤ እንግዳው በየጊዜው «ይቺማ የእኛው ናት፣ ዓይን ብቻ የላትም» ይላል፣ ባለቤቶቹም በየጊዜው እንደ አዲስ ይስቃሉ። በቁርስና በምሳ መካከል ያለውን ጊዜ ቡና ይዞታል። መንገድ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ዝንጅብል የገባበት ጀበና ከሚያፈሉት ሴቶች ጥቂት የማይባሉት የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች ናቸው። ባዕድ አገር ሊያይ የመጣው ሰው «ጎንደር የት ሰፈር?» ተብሎ ሲጠየቅ ቀኑ ያልቃል።

እምቢ ማለት አይቻልም ወይ? የጥናቱ ክብደት እዚህ ላይ ነው። የእኛ አገር ጋባዥ «በሞቴ» ሲል የሚያስይዘው የራሱን ነፍስ ነው። የሱዳኑ ጋባዥ ግን፣ ነገሩ ሲጠና፣ በፍቺ ይምላል፤ ካልበላህ ሚስቴ የተፈታች ትሁን ይላል። ከዋስትና ሕግ አንጻር የሱዳኑ የበለጠ ያስራል። በሞቴ የተባለለት ሰው እምቢ ቢል ጋባዡ ሲሞት አላየንም፤ ፍቺ ግን በየቀኑ ያለ ነገር ነው። ይባስ ብሎ መያዣ የተደረገችው ሴት ወጡን የሠራችው ናት፤ ማንም አላማከራትም። ስለዚህ እንግዳው የሚበላው ርቦት ሳይሆን ትዳር ለማዳን ነው።

ከዚህ ወጥመድ ያመለጠ አንድ ጥበብ ብቻ አግኝተናል። ዓርብ ከምሳ በኋላ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ኦምዱርማን በሐመድ አል-ኒል መካነ መቃብር ደርቪሾች አረንጓዴና ቀይ ለብሰው ይዘክራሉ፣ ይሽከረከራሉ። ሰዓቱን የመረጠው ማን እንደሆነ ባናውቅም የእንግዳ ነገር የገባው ሰው ነው። በአንጻሩ የኦምዱርማኑ ሠዓሊ ኢብራሂም ኤል-ሳላሂ ለንደን ተምረው ሲመለሱ ግራንድ ሆቴል ውስጥ ያሳዩት ሥራ ሕዝቡን አልሳበም። እሳቸው ጥፋቱን ከራሳቸው ፈልገው የዓረብኛ ፊደልንና የአገሩን ጌጥ ወደ ሸራው አስገቡ፣ የካርቱም ትምህርት ቤት የሚባለውም ዘይቤ በእሳቸውና በባልደረቦቻቸው እጅ ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ቴት ሞደርን ሰፊ ዐውደ ርእይ አዘጋጀላቸው። ኤግዚቢሽኑ በምሳ ሰዓት ተከፍቶ እንደሆነ የጠየቀ ሐያሲ ግን የለም።

ቅዳሜ ማታ ጋባዡ «ሙዚየሙ የትም አይሄድም፣ ነገ ይደርሳል» ይላል፤ መመለሱም ይራዘማል። ከጦርነቱ ወዲህ ሙዚየሙ ተዘርፏል። የወርቁ ክፍል ባዶ ቀርቷል፤ ግዙፉን የታሃርቃ ሐውልት ክብደቱ አትርፎታል።

ለማነጻጸር ያህል፣ በመተማ በኩል አዲስ አበባ የገባ አንድ የካርቱም ሰው አምስት ኪሎ ሄዶ ድንቅነሽን ማየት ፈለገ። ጋባዡ «ወንድሜ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የቆየች ነገ ትጠፋለች? በሞቴ፣ መጀመሪያ ምሳ!» አለው። ሰውዬው ግን እጁን ሳይታጠብ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመና «አሁን» አለ። ይህ ውጤት ከመላምታችን ጋር ስለማይሄድ በድምዳሜያችን አላካተትነውም።