“ሲሊኮን” የተባለውን ሁሉ ሲሊኮን ነው ብሎ ማመንን ለመከልከል የወጣ የፌዝ አዋጅ

ስማ! ያልሰማህ ስማ! በግሪንቤልትና በዙሪያዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ የምትገኝ የአየር ጠመንጃ ባለቤት ሁሉ! የሲሊንደር ጥርስና ኦሪንግ ያለ ቅባት የማይሠራ ስለሆነ፤ የመመሪያ ጸሐፊ “ተስማሚ ቅባት ይጠቀሙ” ብሎ የትኛው እንደሆነ ሳይናገር ወደሚቀጥለው ገጽ ማለፍን ልማድ ያደረገ ስለሆነ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ። ይህ አዋጅ “የግራሶ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፤ ወሰን። አየር ተሞልቶበት በሚተኩሰው ላይ ይጸናል። በሞላ የሚሠራው ተራውን ይጠብቅ።

አንቀጽ 3፤ ምክንያት። “ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የምንተነፍሰው አየር ነው፤ ምን ያስፈራል?” የሚል መከራከሪያ በየጊዜው ይቀርባል። አየር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከአየር 21 በመቶው ኦክስጅን ስለሆነ፣ በ200 ባር የተሞላ ሲሊንደር ውስጥ የኦክስጅኑ ድርሻ ብቻውን 42 ባር ይሆናል። ቫልቭ በድንገት ሲከፈት ደግሞ መውጫ በሌለው ጥግ የነበረው አየር ይጨመቃል፤ ሙቀቱን የሚያስተነፍስበት ጊዜ ሳያገኝ ከ1 ወደ 200 ባር የተጨመቀ አየር በስሌት ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይግላል። የናፍጣ ሞተር ያለ ሻማ የሚነሳው በዚሁ ሕግ ነው፣ ያውም በእጅጉ ባነሰ ግፊት። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ቅባቱ ማለስለሱ ሳይሆን ነዳጅ መሆን አለመሆኑ ነው። ነዳጅና ኦክስጅን ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የተጠራጠረ የግሪንቤልት ነዋሪ እዚሁ ያለው የናሳ ማዕከል በማን ስም እንደሚጠራ ይመልከት፤ ሮበርት ጎዳርድ እ.ኤ.አ. በ1926 ቤንዚንን ከፈሳሽ ኦክስጅን ጋር አገናኝቶ ሮኬት አስወንጭፏል። እሱ ግን አስቦበት ነው። “የመኪና ግራሶ ኦሪንጉን አይጎዳም” ለሚሉም፦ ኦሪንጉ ናይትራይል ከሆነ ልክ ናችሁ። ኦሪንጉ ይተርፋል። ጣታችሁስ?

አንቀጽ 4፤ ትርጓሜ። ለኦሪንግ የተፈቀደው የነዳጅ ዘይት ያልተቀላቀለበት የሲሊኮን ግራሶ ነው። “ሲሊኮን” ማለትም ሲሊኮን ነው፤ ሆኖም (ሀ) በጣሳው ፊት በጉልህ “ሲሊኮን” ተብሎ፣ ከጀርባው በጉንዳን ፊደል የነዳጅ ዘይት ውጤት እንዳለበት ከተጻፈ ሲሊኮን አይደለም፤ (ለ) በፊደል (ሀ) የተደነገገው ቢኖርም፣ ጀርባው ዝም ካለ የደኅንነት መረጃ ሰነዱ ክፍል 3 ይታያል፤ (ሐ) ክፍል 3 “የንግድ ምስጢር” ብሎ ከመለሰ ክፍል 9 ላይ የመቀጣጠያ ሙቀቱ ይፈለጋል፤ (መ) ክፍል 9 “መረጃ የለም” ካለ የነበልባል ምልክት መኖሩ ይጣራል፤ (ሠ) ምልክቱ ተገኝቶ ሻጩ “የሚነደው መግፊያው ጋዝ ነው እንጂ ቅባቱ አይደለም” ካለ፣ ሻጩ በፊደል (ሀ) መሠረት ጀርባውን እንዲያነብ ይደረጋል፤ (ረ) መነጽር ካልያዘ ወደ ፊደል (ለ) ይመለሳል።

ኧረ ለመሆኑ አንድ ጣሳ ቅባት ለመግዛት ሰው የኬሚስትሪ ዲግሪ ይያዝ? ውስጡ ያለውን አምራቾቹ ያውቁታል፤ ቀላቅለው የሞሉት እነሱ ናቸው! ባለ16 ክፍሉ ሰነድ በሕግ የታዘዘው ለሥራ ቦታ ስለሆነ፣ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጠመንጃ ለሚፈታ ሰው ማንም በእጁ አይሰጠውም። “አሟሚው የነዳጅ ዘይት ተኖ ያልቃል” ይሉናል። ሜዳ ላይ ይተናል። ኦሪንጉ በተቀመጠበት ጠባብ ቦይና በጥርሱ ሥር የገባው በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ግን ጣሳው ላይ አልተጻፈም፤ ሰውዬው ደግሞ ቀብቶ፣ ገጥሞ፣ ያኔውኑ ነው የሚሞላው። “ሲሊኮንም ቢሆን ይቃጠላል” የሚለው ተቃውሞ ግን የሚከበር ነው። ይቃጠላል፤ ከነዳጅ ዘይት ይልቅ ግን ለመንደድ እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህም ኦሪንጉን እስኪያብለጨልጭ ብቻ መቀባት ይበቃል፤ ለንጹሕ ኦክስጅን መሣሪያ ደግሞ ሲሊኮኑም አይበቃም፣ እዚያ የሚገባው በፍሎሪን የተሠራው ቅባት ነው። በጠመንጃው ውስጥ ኦክስጅን የሚሞላ ከዚህ አዋጅም ከአእምሮም ውጭ ነው።

አንቀጽ 5፤ ጥርስ። ሲሊኮን ብረት ከብረት ሲፋተግ ደካማ ነው፤ አሉሚኒየም ከሆነማ ጥርሱ ተናክሶ ይቀራል። ከኦሪንጉ ውጭ ላለ ጥርስ ነዳጅ ዘይት የሌለበት የሞሊብዲነም ቅባት በስሱ ይፈቀዳል፤ የተረፈው ይጠረጋል። አየሩ ሳይወጣ ማንም አይፍታ።

አንቀጽ 6፤ ልዩ ልዩ። ቫዝሊን ከነዳጅ ዘይት ነው። ቅቤ ለወጥ ነው። ኦሪንጉ ራሱ ከሲሊኮን የተሠራ ከሆነ በሲሊኮን ሲቀባ ስለሚያብጥ፣ አንቀጽ 4 ከነፊደሎቹ አይመለከተውም።

አንቀጽ 7፤ ቅጣት። ነዳጅ የተቀላቀለበትን ጣሳ በፊቱ “ሲሊኮን” ብቻ ብሎ የጻፈ ማንኛውም ሰው፣ በዚያው ጣሳ የተቀባ ሲሊንደር አቅፎ እስከ 200 ባር በእጅ ፓምፕ ይሞላል። “ተኖ አልቋል” ብሎ የሚያምን ከሆነ ቅጣቱ አይከብደውም።