ወንዙን ትተው ጠጠሩን አመጡብን

እኛ በልጅነታችን ጠጠር ላይ የምንንበረከከው አጥፍተን ነበር። ትምህርቱን ያላጠና፣ መምህር ፊት የሳቀ፣ ግቢው ጥግ ሄዶ ጉልበቱን ጠጠር ላይ ይተክላል። ዘንድሮ ጊዜው ተገለባበጠና በሽምግልናዬ፣ ምንም ሳላጠፋ፣ ያውም ገንዘብ ተከፍሎበት፣ ራቁቴን ጠጠር ላይ ያቆሙኛል። ሻወር ነው ይሉታል!

ሐሳቡ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ልጄ ለእረፍት ስትመጣ ደልዳላውን ሴራሚክ አስነቅላ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል በድቡልቡል የወንዝ ጠጠር አስለበጠችው። «አባዬ፣ ተፈጥሮ እኮ ነው! እግርህን ማሳጅ ያደርግልሃል» አለችኝ። «ልጄ፣ እኔ እግሬን ከጠጠር ለማዳን አይደል እንዴ ጫማ የገዛሁት?» ብላት ማን ሰምቶኝ።

ታዲያ ይህ ጠጠር እንደ ድሮው በአህያ ተጭኖ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። 30 በ30 ሳንቲሜትር በሆነ መረብ ላይ ተለጥፎ፣ በካርቶን ታሽጎ ነው የሚሸጠው። እጁ የተፈታ ባለሙያ ከየመረቡ ዳር ጥቂቱን ይነቅልና መጋጠሚያው ላይ አንድ በአንድ እየመረጠ ይሰካል፤ ያኔ መስመሩ ይጠፋል። የእኛው ግን እንደመጣለት ደርድሮት ሄደ። አሁን ወለሉ ላይ አራት ማዕዘኑ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተፈጥሮ በማስመሪያ! «ምነው ልጄ?» ብለው፣ «ፋዘር፣ ውሃ ሲነካው አይታወቅም» ብሎኝ እርፍ።

ውሃው ከነካው በኋላ መች ይሄድና! ልሙጥ ሴራሚክ ላይ ውሃ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ጠጠር ላይ ግን በየስርጓዱ ይተኛል። ለዚህ ነው ከሥር ያለው ስሚንቶ በ1 ሜትር ቢያንስ 2 ሳንቲሜትር ያህል ወደ መውረጃው ማዘንበል ያለበት። በጠጠሮቹ መሐል የሚሞላው ግራውትም ጠለቅ ብሎ ከቀረ እያንዳንዷ ክፍተት የራሷን ኩሬ ትይዛለች። የእኛ ወለል ማዘንበሉንስ አዘንብሏል፤ ወደ በሩ ሆነ እንጂ።

ጠጠሩ ሳይለጠፍ በፊት ደግሞ ውሃ እንዳያሰርግ የተቀባው ሽፋን ይፈተን ተባለ። ፈተናው መውረጃውን ደፍኖ፣ ወለሉን ውሃ ሞልቶ፣ 24 ሰዓት መጠበቅ ነው። ደግ ነገር ነው፤ ከሥር የሚያፈስ ወለል ግድግዳ ይበላል። ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ባለቤቴ ጀሪካን አንጠልጥላ ጎረቤት ለጎረቤት ስትዞር፣ ወለሉ ብቻውን ጠግቦ አደረ!

ይህ ሁሉ አንዴ ተሠርቶ ቢያልቅ ባልተናገርኩ። ይህ ወለል ግን እንደ አራስ ቅባት አይለየው! ሲለር የሚባል ፈሳሽ አለ፤ ድንጋዩም ግራውቱም ውሃና እድፍ እንዳይመጥጡ ይቀቡታል፤ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ ይታደሳል። ጊዜው መድረሱን ለማወቅ ጠብታ ውሃ ጣል ማድረግ ነው። ጠብታዋ ሉል ሆና ከተቀመጠች ደህና፤ ሰርጋ ድንጋዩን ካጠቆረችው ቅቡኝ ማለቱ ነው። የእኔ ቆዳ በበጋው ሲሰነጣጠቅ ጠብታ ጣል አድርጎ ያየኝ ሰው የለም።

ባለቤቴ የሳሙና ዝቃጩ ቢያስጠላት በለመደችው በሎሚና በአቼቶ ልትፈትገው ተነሳች። ልጄ ከማዶ በስልኩ መስኮት ጮኸች። እውነቷን ነው፤ ጠጠሩ የእብነ በረድ ወይም የኖራ ድንጋይ ዘር ከሆነ አሲድ ይበላዋል። የሚፈቀድለት ለስላሳ፣ አሲድ የሌለው ሳሙና ብቻ ነው። ስንት ዘመን ጎርፍ ሲያላጋው፣ ከብት ሲረግጠው የኖረ ድንጋይ፣ እኛ ቤት ሲገባ ሎሚ አሳመመው!

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸውላችሁ። ጠጠር ወንዝ ውስጥ የሚያምረው ውሃው ሌት ተቀን ስለማያርፍ ነው። እነዚህ ልጆች ውበቱን ወደዱና ጠጠሩን ለቅመው ቤት አስገቡት፤ ያጠበውን ወንዝ ግን እዚያው ተዉት። ታዲያ የወንዙን ሥራ ማን ይሥራ? እኔና ብሩሽ! ግራውቱ እንዳይሻግት በየጠጠሩ ዙሪያ መፈተግ፣ ከታጠቡ በኋላ ውሃውን መጥረግ፣ መስኮት መክፈት። ለመፈተግ ደግሞ መንበርከክ ግድ ነው፤ መምህሬ በሕይወት ኖረው ቢያዩኝ ደስታቸው!

አሁን ደግሞ ልጄ የእንግዳውን መታጠቢያ ቤት ልትደግመው አስባለች አሉ። አልከለክልም። ጠጠሩ ላዩ ተቆርጦ የተስተካከለ ይሁን፤ ግራውቱ ዋጋው ቢንርም ሲለር የማይለምን ኤፖክሲ ይሁን፤ ውሃ ልኩን የምይዘው እኔ ልሁን፤ ፈታጊዋም ራሷ ከአሜሪካ እየተመላለሰች ትፈትግ። ይህ ካልሆነ የፕላስቲክ ሳፋዬን ከቆጥ አውርዱልኝ። ሳፋ ሲለር አይጠይቅም፤ ታጥቤ ስጨርስ ገልበጥ አድርጌው እተኛለሁ።