ጠገራ ብር ያመጣብኝ ጣጣ

ከ1780 ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ያላረጀች ሴት ማን ናት ብትሉኝ፣ ማሪያ ቴሬዛ ናት እላለሁ። የኦስትሪያዋ ገዥ በዚያ ዓመት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ አረፈች። በስሟ የሚጠራው ጠገራ ብር ግን ያንኑ ዓመት እንደተሸከመ ዛሬም ቪየና ውስጥ ይመታል። ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይም በየጊዜው መትተውታል። ሞሶሊኒ እንኳ በ1935 (እ.ኤ.አ.) እኛን ሊወጋ ሲነሳ መምቻውን ከኦስትሪያ ወስዷል፤ ያለ ጠገራ እዚህ አገር መገበያየት እንደማይቻል ገብቶታል።

መርካቶ ያገኘሁት ነጋዴ ይህን ሁሉ ሊሰማኝ አልፈቀደም።

«ወንድሜ፣ 1780 ይላል እኮ! ከአፄ ቴዎድሮስ በፊት ነው።»

«ሁሉም 1780 ነው የሚለው» አልኩት።

«አየህ! ሁሉም ጥንታዊ ነው ማለት ነው» ብሎ ዋጋ ጨመረብኝ።

ሚዛን ብጠይቀው የሽንኩርት ሚዛን አቀረበልኝ። ጠገራ 28 ግራም ያህል ቢመዝን ነው፤ ያ ሚዛን ንቅንቅም አላለ። እኛ ስንከራከር ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ዶላር ነው?» ይላል፣ ሌላው «የድሮ ሀብት ተገኘ» ብሎ ያወራል። ገዝቼ ስወጣ ደግሞ አንድ ጎልማሳ እስከ አውቶቡስ ተራ ተከትሎኝ፣ ጣልያን የቀበረው ወርቅ እንዳለው በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ታክሲ ውስጥ ስገባ ወርቁ ግማሽ ዋጋ ደርሶ ነበር።

ቤት ስደርስ ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ። ሳንቲሙን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ቡና ስጠጣ፣ እትዬ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ጠቁሮ!» ብለው በአመድና በሎሚ ፈተጉት። ሲመልሱልኝ ለፋሲካ እንደታጠበ ድስት ያብረቀርቃል። ሰብሳቢ የሚወደው ያ በዘመን የመጣ ጥቁረት ከእጣቢው ጋር ሄደ። ምን ይባላል? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

አንድ ነገር ግን ልመስክር፤ ከታጠበ በኋላ መልኩ ወለል ብሎ ታየኝ። በአንዱ ገጽ ባሏ ከሞተባት ወዲህ የማትለየው የሐዘን መሸፈኛዋ፣ ትከሻዋ ላይ በዕንቁ የተከበበው ጌጥ፤ በሌላው ሁለት ራስ ያለው ንስር። ጠርዙን ሳዞረው የላቲን ፊደል ተቀርጾበታል፤ «ፍትሕና ምሕረት» ማለት ነው።

አያቶቻችን እነዚህን ዕንቁዎች ቆጥረው፣ ደብዘዝ ካሉም ብሩን መልሰው ለባለቤቱ ይሰጡ ነበር። ከላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ባይገባቸውም ምስሉን አብጠርጥረው ያውቁታል። አፄ ምኒልክ በራሳቸው መልክ፣ ዘውድ ከደፋ አንበሳ ጋር፣ ፓሪስ ያስመቱት የ1887 ዓ.ም. ብር እንኳ ጠገራን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። አንበሳው እጅግ ያማረ ነው፤ ግን ዓይን አልለመደውም። ገበሬው በለመደው መልክ ጸና።

ስለዚህ ብር የምትሰበስቡ ሁሉ ምክሬን ስሙ። ዓመተ ምሕረቱን አትመኑ፤ ጠገራ ሁሉ 1780 ነው የሚለው። ማግኔት ያዙ፤ ብር ማግኔት ላይ አይጣበቅም። የወርቅ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ዕንቁዎቹንና የጠርዙን ፊደል አጥርታችሁ እዩ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ገዝታችሁ ስትገቡ እትዬ ከማያገኙት ቦታ አስቀምጡት።