ፊደሉ ጊምቢ ቀርቷል

ቢላ ከተማ ላይ ማመልከቻና ውል ስጽፍባት ከኖርኩት ኮምፒውተር ጋር የተለያየነው በሰላም ነው። ሆዷ ውስጥ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ካለቀች ቆይታለች፤ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን ረስታ 2002 ላይ ትነሣለች። በእኛ 2002 ይሁን በፈረንጅ፣ አንድም ደንበኛ ጠይቆኝ አያውቅም።

አዲስ ላፕቶፕ ከነቀምቴ ገዛሁ። በአሮጊቷ ስክሪን ላይ የተደረደሩትን ፎልደሮች በሙሉ መርጬ ወደ ፍላሽ ገለበጥኳቸው። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አለቀ። የስንት ዓመት ሥራ! «ቴክኖሎጂ ይባረክ» ብዬ አሮጊቷን ጊምቢ ለሚማረው የእህቴ ልጅ በሚኒባስ ላክሁለት።

ማታ ፍላሹን ሰካሁ። እያንዳንዱ ፎልደር ጥጉ ላይ የተጠማዘዘች ትንሽ ቀስት አለችው። ስከፍተው የለም ይለኛል። ለካ የገለበጥኩት ሾርትከቱን ኖሯል፤ ዕቃው እቤት ቀርቶ የቤቱን አድራሻ ተሸክሜ መጥቻለሁ። ደወልኩ።

«አንተ ልጅ፣ እንዳትነካት!»

«ፎርማት ላደርጋት ሲዲ እየፈለግሁ ነበር፣ አጎቴ።»

ሲዲ ያሳጣው አምላክ ይመስገን። በማግስቱ ጊምቢ ወርጄ ዋናውን ፎልደር ፈልጌ ገለበጥኩ። ይሄኛው ሁለት ስኒ ቡና አስጠጣኝ። ሲዘገይ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ቢላ ስመለስ አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ በር ላይ ይጠብቁኛል። ለወረዳው በኦሮምኛ፣ አዲስ አበባ ላለ መሥሪያ ቤት ደግሞ በአማርኛ ያጻፉት የጡረታ ማመልከቻ ነበራቸው። የኦሮምኛው ተከፈተ፤ አንድ ቃል አልጎደለም። የአማርኛውን ስከፍተው ግን የላቲን ፊደል፣ ፐርሰንት፣ ኮማና የዶላር ምልክት ተደባልቆ ተዘረገፈ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ሊያነቡት ሞከሩ።

«ኩን ማል ጄዳ?»

ምን እንደሚል እኔስ መች ዐውቄ። በዩኒኮድ ግዕዝ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲኑ ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ እኔ ደግሞ የለመድኩትን አልለቅም ብዬ እስከ ትናንት በእነሱ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ጭንብሉን አውልቆ ከሥር ያለውን ላቲን ያሳያል። ፎንቱ ጊምቢ ቀርቷል።

ነገሩን ሳስረዳቸው ሳቁ። ኦነሲሞስ ነሲብ አስቴር ጋኖ አግዛው እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነበር፤ እሳቸውም ኦሮምኛ ማንበብ የጀመሩት በዚያ ነው። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ ሲመጣ እንደገና ፊደል ቆጠሩ። «ያኔ ኦሮምኛው በግዕዝ ነበር፤ ያንተ ማሽን ደግሞ አማርኛውን በቁቤ ጻፈው» አሉኝ።

የእህቴ ልጅ ፎንቶቹን በቴሌግራም ላከልኝ። ጭኜ ማመልከቻውን እንደገና ስከፍተው «ለ» ብቅ አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

«ሐሳቡን ሳይቀይር አትምልኝ!»

ፕሪንተሩን ስጫን መብራት ሄደ። ላፕቶፑ 31 በመቶ ይላል። ሽማግሌው ወረቀትና እስክሪብቶ ተቀበሉኝና «አንብብልኝ፣ እኔ እጽፋለሁ» አሉ። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ አስቆሙኝና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«የአባቴ ስም ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል። ይሄም ጊምቢ ነው የቀረው?»

«የለም አባባ፣ ይሄ የራሴ ነው። ከአሮጊቷ ጀምሮ አብሮኝ የመጣ ነው።»